ግብረ መልስ በአዋዜ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ የድጋፍና ክትትል ቡድን ጅማ የሚደርሰው በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሰዓት አይደለም። ደብዳቤውን የሚያረቅቀው ሰው የሚያስበው 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን መንገድ ብቻ ነው። በመካከል ወሊሶ መኖሩን፣ ከወሊሶ ቀጥሎ ወልቂጤ መኖሩን፣ ወልቂጤ ላይ ደግሞ ክትፎ መኖሩን አያስብም። ከክትፎው በኋላ የጊቤን ቁልቁለት መውረድ፣ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን መውጣት፣ ሰኮሩን፣ አሰንዳቦንና ሰርቦን ማለፍ አለ። «ከቀኑ 8 ሰዓት እንገናኛለን» ያለው ቡድን 11 ሰዓት ላይ በራችን ላይ ሲቆም እኛ የዞን ሠራተኞች አንገረምም። ቢሮ ሊዘጋ ነው፤ እንግዶቹ ደክመዋል፤ ሰነድ የሚገለጥበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ የክትትሉ የመጀመሪያ አጀንዳ ሁልጊዜም እራት ይሆናል። እራት ማለት ደግሞ ሥጋ ቤት ነው።

የሚመጡበትን ወቅትም እናውቀዋለን። በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ክትትል የሚያስፈልገው ዞን የለም፤ ያን ጊዜ ችግር ካለ በስልክ ይፈታል። ፋሲካ ሲያልፍ ግን ለእኛ የሚደረገው ድጋፍ በድንገት ይበረታል። በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው፤ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ያልተበላ በጀት ደግሞ ተመላሽ ይሆናል። እነዚህ ነገሮች ግንቦት ላይ ሲገናኙ የነጭ ላንድክሩዘር ሰልፍ ይጀመራል። በዚያ ላይ ዝናቡ እየጠነከረ የሚሄደው ያኔ ነው። መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ወደ ወረዳ መውረድ ያስቸግራል፤ ከተማ ውስጥ መቀመጥ ግድ ይላል። ማን እንዳቀደው ባላውቅም በዚህ አገር ከወጡ ዕቅዶች ሁሉ አንድም ቀን ሳይዛነፍ የሚፈጸመው ይኸኛው ነው።

ስለ አበልም ትንሽ መባል አለበት። አበል የሚከፈለው እንዲበላበት ነው፤ ሰው መስክ የሚወጣው ግን እንዳይበላበት ነው። ያ ገንዘብ ገና ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ሳይወጣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕቁብ መዋጮና የቤት ኪራይ ሆኗል። አንዳንድ መሥሪያ ቤትማ «ስትመለሱ ይወራረዳል» ብሎ በባዶ ኪስ ይሸኛቸዋል፤ ሥጋ ሰጥቶ ቢላዋ መንሳት ማለት ይኼ ነው። ስለዚህ እንግዳው ቀኑን የሚውለው በጥንቃቄ ነው። ቁርሱ ከቤቱ የመጣ ዳቦ ቆሎ ነው፤ ምሳው ከገበያ የተገዛ አቮካዶና ዳቦ። ሆቴል ሲይዙ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ይጠይቃሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ የመንግሥት ደመወዝ ምን እንደሚገዛ እኔም አውቃለሁ። የሚያስቀኝ ይህ ሁሉ ቁጠባ ማታ፣ ሌላ ሰው በሚከፍልበት ጠረጴዛ ላይ፣ የሚናድበት ፍጥነት ነው።

ሥጋ ቤት ያው ሥጋ ቤት ነው። ከመስተዋቱ ኋላ የተንጠለጠለ ጎድን፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ቆራጭ፣ ሚዛን፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ የጥብስ ሽታ። ሲገቡ «እኔ እንኳ ብዙም አልበላም፤ ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ቡድን መሪው ነው። ከልክሎት ይሆናል፤ ሐኪሙ ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። እዚያ ደም ግፊትና ሪህ ያለበት ሰው ጊቤን ሲሻገር ሁለቱንም ከድልድዩ ማዶ ትቷቸው ይመጣል፤ ሲመለስ እዚያው ይጠብቁታል።

በውጭ አገር ስቴክ ቤቶች አስተናጋጁ ሥጋው ምን ያህል እንዲበስል እንደሚፈለግ ይጠይቃል፤ ደም የሚታይበት ይሁን፣ መሐሉ ሮዝ ይሁን ወይስ ፈጽሞ የበሰለ። እዚህ ጥያቄው አጭር ነው፤ «ጥሬ ነው ጥብስ?» መልሱም አጭር ነው፤ ሁለቱም። ጥሬው ለመጀመሪያ፣ ጥብሱ ደግሞ ጥሬው ሲያልቅ እጅ ሥራ እንዳይፈታ።

ከዚያ ቡድን መሪው ይነሣና ወደ መስተዋቱ ይጠጋል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማድነቅ እፈልጋለሁ። «በሬው ከየት ነው የመጣው? መቼ ታረደ? ይኼ ሻኛ የትናንት ነው የዛሬ? እስቲ ሽንጡን አዙረህ አሳየኝ። አይ፣ ይኼማ ቀይ ብቻ ነው፤ ጮማው የታለ? አጥንቱን አውጥተህ መዝን።» ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን ጎንበስ ብሎ ያረጋግጣል። አንዲት ቁራጭ አስቆርጦ ይቀምሳል። ከቀመሰ በኋላ የሚናገረው ሳይኖር ሁለተኛ ቁራጭ ያስቆርጣል፤ ውሳኔ በአንድ ናሙና አይሰጥምና። ምንጭ ጠየቀ፣ ቀን ጠየቀ፣ መለኪያውን ፈተሸ፣ የተነገረውን ካየው ጋር አመሳከረ። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የክትትልና ግምገማ ሥራዎች ሁሉ የተሟላው ይኼ ነው። በማግስቱ የዚህን ግማሽ ያህል በመጋዘናችን ላይ ቢጠይቅ ከእኛ መሐል ወንበሩ ላይ የሚተርፍ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በማግስቱ ግን የሚለው እንዲህ ነው፤ «አፈጻጸሙ እንዴት ነው?» ጥሩ ነው እንላለን። «ጥሩ» ይላል፣ ይጽፋል።

ሥጋው ሲመጣ አቀራረቡም ሥርዓት አለው። ትሪው ሲቀመጥ ጮማ ያለበት ጎን ማንም ሳያዞረው ወደ ቡድን መሪው ይዞራል። ቢላዋ አስቀድሞ የሚያነሣው እሱ ነው። ቀጥሎ የፋይናንስ ባለሙያው፤ አበል የሚያወራርደውን ሰው ማንም አያስቀይምም። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ድርሻው አዋዜና ሚጥሚጣ ማቀባበል ነው። የድሮዎቹ የቤተ መንግሥት ግብሮች ላይ ሰው የሚበላው እንደየማዕረጉ ነበር፤ የቀረብን አዳራሹና ጠጁ ብቻ ነው።

ጅማ ደግሞ የሥጋ ቤቱን በር ቀና ብሎ አይቶ መግባት የሚያስፈልግበት ከተማ ነው። አንዱ በር ላይ መስቀል አለ፤ ሌላው ላይ ጨረቃና ኮከብ። ኃላፊያችን ሙስሊም ናቸው፤ የሚመጡት እንግዶች ብዙውን ጊዜ ክርስቲያኖች ናቸው። ጋባዥ ናቸውና በክርስቲያን ሥጋ ቤት ጠረጴዛው ራስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው አንድ አምቦ ውኃ። የማይቀምሱትን ሥጋ «ብሉ እንጂ! ምነው ተዋችሁት? በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እያሉ ሲጋብዙ ያመሻሉ። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ከልጆቻቸው ጋር ራታቸውን ይበላሉ። ይህን የመሰለ ጨዋነት በአፈጻጸም መመዘኛው ላይ ነጥብ አልተያዘለትም። አንድ ጊዜ ሙስሊም ቡድን መሪ የመጣ ዕለት ኃላፊያችን ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ያን ምሽት አምቦ ውኃውን ይዞ የተቀመጠው ክርስቲያኑ ምክትላቸው ነበር።

ሹፌሮች በዚህ ሁሉ ውስጥ የሉም። የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው ቆራጭ አላቸው፤ ከእኛ የተሻለ ሥጋ በረከሰ ዋጋ በልተው ስለሚቀጥለው ዝውውር ከእኛ ቀድመው ሰምተው ይመለሳሉ።

ሂሳብ ሲመጣ ቡድን መሪው እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ይሰዳል። እጁ ቶሎ አይወጣም። «ኧረ ዛሬስ እኔ ነኝ!» «ወላሂ አይሆንም!» «ሁልጊዜ እናንተ ብቻ? ተዉ እንጂ!» «እንግዳ ጅማ ላይ ከፍሎ አያውቅም!» ክርክሩ ይጋጋላል፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ዞሮ ያያል፤ አስተናጋጇ ማን እንደሚከፍል ስለምታውቅ ደረሰኙን ይዛ ከኃላፊያችን ጎን ቆማለች። በመጨረሻ የቡድን መሪው እጅ ከኮቱ ውስጥ ይወጣል። የያዘው ስቲኪኒ ነው። ደረሰኙ ላይ «ለስብሰባ ተሳታፊዎች መስተንግዶ» ተብሎ ይጻፋል፤ የተሳታፊዎች ፊርማ ስለሚያስፈልግም በማግስቱ ሁሉም ይፈርማሉ። ሳያነቡ የማይፈርሙት ይኼንን ብቻ ነው፤ የኪሎውን ብዛት አይተው ይሣሣቃሉ።

በሁለተኛው ቀን «የመስክ ምልከታ» በሚለው ርዕስ ሥር ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይዘናቸው እንወጣለን። ታሪኩ ይነገራቸዋል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በጊዜ ገበሩ። ጎረቤታቸው ከፋ በ1897 እ.ኤ.አ. በጦር ተያዘ፤ ጅማ ግን ግብሯን እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን እስከ አባ ጅፋር ዘመን ፍጻሜ ይዛ ቆየች። እንግዶቹ ቤተ መንግሥቱን ከጀርባቸው አድርገው ፎቶ ይነሣሉ። ኃላፊያችን ግን ይህን ታሪክ በሰሙ ቁጥር በጢማቸው ሥር ፈገግ ይላሉ። ከማዕከል የመጣን ሰው በጊዜ ካጠገቡት ጓዳ ገብቶ እንደማይፈትሽ እዚህ ከተማ ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። የእሳቸው ግብር በኪሎ ስለሚመዘን ብቻ ሰው አላስተዋለውም።

ስለዚህ ከእንግዶች ሁሉ የሚያስፈራው ሥጋ የማይበላው ነው። አንድ ግንቦት ላይ እንዲህ ያለች ባለሙያ መጣችብን። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፤ ላፕቶፕ ይዛለች። ጾም ነው እንዳይባል በዓለ ሃምሳ ነው። «እናንተ ብሉ፣ እኔ ምሳ ዘግይቼ ነው የበላሁት» አለችና አንድ ሻይ አዘዘች። ኃላፊያችን ደነገጡ። «ዓሣ ይምጣላት!» አልፈለገችም። «እንቁላል ይጠበስላታ!» አመሰገነች። «የጅማ ማርስ?» እሱንም አመሰገነች። ይባስ ብሎ የሻይዋን ሂሳብ ራሷ ከፈለች፤ ያን ጊዜ የጠረጴዛው ጨዋታ ቀጥ አለ። በማግስቱ ሌሎቹ ገና ሁለተኛው የቡና ስኒ ላይ ሳሉ የመጋዘኑን ቁልፍ ጠየቀች። ቁልፍ ያዡ ሥልጠና ላይ ነው ተባለች። «ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ» ብላ መጋዘኑ በር ላይ፣ በአንዲት የጅማ በርጩማ፣ ተቀመጠች። ከቀትር በፊት ቁልፉ ተገኘ። ከቀትር በኋላ ደግሞ በሪፖርታችን ውስጥ ያለው ቁጥርና በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ተዋውቀው እንደማያውቁ ተገኘ።

ያዳነን ቡድን መሪው ነው። የማታው ሻኛ ገና ከሆዱ ሳይወርድ «ይኼንን በግብረ መልሱ ላይ እናየዋለን» ብሎ ላፕቶፑን በገዛ እጁ ከደነው። ልጅቱን ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቡድን ውስጥ አላየናትም። «ዕድገት አግኝታ ይሆናል» ይላሉ ኃላፊያችን፤ ሲሉ ግን ዐይን ዐይኔን አያዩኝም።

ለነገሩ ሥጋ በሊዎቹም ከውጤት ነጻ አይደሉም። ከጥሬ ሥጋ የሚገኘው የኮሶ ትል ሆድ ውስጥ አድጎ ራሱን እስኪያሳውቅ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። አንድ ሩብ ዓመት መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ከተደረጉት ክትትሎች ሁሉ በሩብ ዓመት ውስጥ ተጨባጭ፣ የሚታይና የሚለካ ውጤት ያስገኘ ሌላ አላውቅም። አባቶቻችን ኮሶ ቀጥቅጠው ይጠጡለት ነበር፤ ለአሁኖቹ ፋርማሲ አለላቸው።

የዚያን ግንቦት ቡድን ቡናውን፣ ማሩንና በርጩማውን መኪናው ላይ ጭነን ሸኘነው። ባለሙያዋ የያዘችው ላፕቶፕዋን ብቻ ነበር። ግብረ መልሱ ባልተለመደ ፍጥነት በደብዳቤ ደረሰን። «ጠንካራ ጎን፦ የጽሕፈት ቤቱ የቅንጅትና የመስተንግዶ አሠራር። መሻሻል ያለበት፦ የቁልፍ አያያዝ።» ከግርጌው ደግሞ፣ ይህ መልካም ተሞክሮ ተቀምሮ ወደ ሌሎች ዞኖች እንዲሰፋ፣ ይላል።

ደብዳቤው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጾመ ሐዋርያት ሊገባ ሲል፣ ሁለት መኪና ሙሉ ሰዎች ከሌላ ዞን ተሞክሮ ሊቀስሙ መጡ። ኃላፊያችን ሰነዶቹን በየፈርጁ አስደርድረው፣ ፕሮጀክተር አስተክለው፣ ከረባት አስረው ነበር የጠበቋቸው። የልዑካኑ መሪ ገቡ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የመጀመሪያ ስላይድ ቆመው አነበቡ፤ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ።

«ሥጋ ቤቱ በእግር ነው በመኪና?» አሉ።