ልጆች የእጅ ሥራቸውን ይሽጡ ወይስ አይሽጡ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ወላጆች ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆቻቸው በእጃቸው የሠሩትን ለገበያ እንዲያቀርቡ ሊረዷቸው ይገባልን?

ደጋፊ፦
ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ዶቃ ሰክታ አምባር የምትሠራ ወይም በኪሮሽ ዳንቴል የምትሠራ ልጅ ሥራዋን ብትሸጥ ጥቅሙ ከገንዘቡ ይልቅ በሂሳቡ ላይ ነው። ለምሳሌ ለዶቃና ለክር 60 ብር አውጥታ አራት አምባር ብትሠራና እያንዳንዱን በ25 ብር ብትሸጥ፣ እጇ የሚገባው 100 ብር ቢሆንም ትርፏ 40 ብር ብቻ መሆኑን በራሷ ገንዘብ ትረዳለች። ወላጅ መነሻውን በስጦታ ሳይሆን በብድር ሰጥቶ ከሽያጩ ቢቀበላት ደግሞ የተሻለ ነው። ነገሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወንዶች ልጆች አደይ አበባና መላእክት ሥለው በእንቁጣጣሽ ማለዳ በየቤቱ እያደሉ ገንዘብ ሲቀበሉ ኖረዋል።

ተቃዋሚ፦
የእንቁጣጣሹን ሥዕል ማንሳትዎ የሚያግዘው እኔን ነው። ልጁ ዋጋ አይጠራም፣ ተቀባዩም አይከራከርም፤ የሚሰጠው ገንዘብ የመልካም ምኞት አጸፋ እንጂ የሸቀጥ ዋጋ አይደለም። አክስት ከእህቷ ልጅ አምባር ስትገዛም የምትከፍለው ለፍቅሯ ስለሆነ፣ ሽያጩ ለልጂቱ ስለ ሥራዋ ጥራት የሚነግራት ነገር የለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው፣ ሽመና ይማራሉ ተብለው ከጋሞ ደጋ መጥተው ቀኑን ሙሉ ሲሸምኑ የሚውሉትን ልጆች ታሪክ አያጣውም፤ ያም ሙያ ማስተማር ይባል ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ አዋጁ የሚገዛው የቅጥር ግንኙነትን በመሆኑ ግን እናት ልጇን ሳሎን ውስጥ ብታሠራ አይደርስባትም። እዚያ ልጂቱን የሚጠብቃት የወላጅ ኅሊና ብቻ ነው፤ ኅሊና ደግሞ የቤት ኪራይ ሲደርስ ይደክማል።

ደጋፊ፦
ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥዎ አልተዋጠልኝም። በዚያ የልጁን ድካም የሚበላው አሠሪው ነው፤ እኔ የምለው ገንዘቡም ሥራውን የመተው መብትም የልጁ ይሁን ነው። ስለ አክስቲቱ ያሉት እውነት ስለሆነ ዕቃው በትምህርት ቤት ባዛር ለማያውቋት ሰዎች ይቅረብ፤ ሳይሸጥ ቢቀርም ወላጅ በሰው እጅ አያስገዛላት።

ተቃዋሚ፦
ሂሳብዎ 60 ብሩን እንጂ ልጂቱ የተቀመጠችበትን ሰዓት አልቆጠረም። ባዛሩ ላይ ከጎኗ የምትቀመጠው ደግሞ ሰፌድና ሌማት ሰፍታ ቤቷን የምታስተዳድር ሴት ልትሆን ትችላለች፤ የዚያች ሴት ዋጋ ድካሟን ይጨምራል፣ የልጂቱ ግን አይጨምርም። ትዕዛዝ የመጣ ዕለትስ? ሠላሳ አምባር የታዘዘች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሦስቱን ሠርታ ሲሰለቻት የቀረውን አምሽታ የምትሰካው እናቷ ናት። ስለዚህ እስከ 12 ዓመቷ ሙያውን ትማር፣ የሠራችውንም ለወዳጆቿ ታበርክት፤ ሽያጩ ይቆይ።

ደጋፊ፦
ትዕዛዙን አልችልም ብላ መመለስን ከዚህ የተሻለ የት ትማረዋለች? ሰዓቱንም እንቁጠር፤ አራቱን አምባር በአራት ሰዓት ከሠራች 40 ብሩ በሰዓት 10 ብር ነው። ይህን ቁጥር ደብተሯ ላይ ጽፋ ካየች በኋላ ዋጋውን ከፍ ታድርግ ወይም ዶቃውን ትታ ወደ ጨዋታዋ ትሂድ፣ ውሳኔው የእሷ ነው።