ደውለው «አንቺ ማን ነሽ?» የሚሉኝ ሰዎች

ዛሬስ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከማላውቀው ቁጥር ስልክ በተደወለ ቁጥር መናደድ ሰልችቶኛል።

«የማታውቂውን ቁጥር ለምን ታነሻለሽ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ወር ጠብቆ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው ይህ ምክር ይሠራ ይሆናል። እኛ ግን ጅማ ውስጥ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና በርጩማ ሠርተን ነው የምንሸጠው። ቁጥሬ ታፔላችን ላይ በትልቁ ተጽፏል። እንጀራዬ የሚመጣው ከማላውቀው ቁጥር ነው። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ሰርግ ይበዛል። ሰርግ ሲበዛ ከአጋሮም ከሰቃም ይደወልልናል። ከገጠር የሚደውለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ስልክ አይደለም። በወንድሙ፣ በጎረቤቱ፣ ባጃጅ ላይ አብሮት በተሳፈረ ሰው ስልክ ነው። ያንን ካላነሳሁ ሥራው ሌላ ቤት ሄደ ማለት ነው። እናቴ መንገድ ላይ ብትወድቅ እንኳ የሚደውልልኝ የማላውቀው ሰው ነው።

ስለዚህ አነሳለሁ። እጄ ቫርኒሽ በቫርኒሽ ሆኖ፣ መጋዙ እየጮኸ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«አንቺ ማን ነሽ?»

ኧረ በፈጠራችሁ! የደወልከው አንተ፣ የምትጠየቀው እኔ?

ሌላው ደግሞ አለ። «አላወቅሽኝም? ድምፄን ረሳሽው? እስቲ ገምቺ!» ይላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ስም ጠርታችሁ «አንተ እገሌ ነህ?» ካላችሁ፣ «አዎ እኔ ነኝ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብሎ ያንን ስም ይለብሰዋል። ከዚያ ችግር ላይ እንደወደቀ ይነግራችኋል። ከዚያ ብር ይጠይቃችኋል። ስሙን እሱ ይናገር። ካልተናገረ ዝጉት።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ «ድምፅሽ ደስ ይላል፣ እንተዋወቅ» የሚሉትን ባለጌዎችማ ተዉአቸው። አንዱን ቁጥር ብሎክ ሳደርግ በሌላ ይመጣሉ። ሴት ሆኖ ቁጥሩን ታፔላ ላይ የጻፈ ሰው ያውቀዋል።

እንዲህ ያንገበገበኝ ግን የጎረቤታችን የእማማ ነገር ነው። አንድ ልጅ ደውሎ «እማማ፣ በስህተት ብር ልኬብዎት ነው፣ እባክዎ የሰው አደራ ነው» አላቸው። እውነትም ብር ገባ የሚል መልእክት ስልካቸው ላይ አለ። የሰው ሐቅ እንዳይበሉ ፈርተው ቶሎ ላኩለት። እኔ ጋ የመጡት «ልጁ ደርሶት ይሆን?» ብለው ተጨንቀው ነው። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። መልእክቱ የተላከው በ09 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ነው። ሒሳባቸውን ስናይ የገባ ነገር የለም። የወጣው ግን ወጥቷል። እኚህ ሴትዮ የተዘረፉት ስግብግብ ሆነው አይደለም። በታማኝነታቸው ነው የተዘረፉት። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

እባካችሁ እናቶቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ አስረዷቸው። ቴሌብር ለምሳሌ መልእክት የሚልከው በ127 ነው፣ በግለሰብ ቁጥር አይደለም። መልእክቱን ትተው ሒሳባቸውን ይመልከቱ። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ በመልእክት የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው። የሚስጥር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ ደህና ሰው የለም። «ይህን ኮድ ይደውሉ» ብሎ በ*21* የሚጀምር ነገር የሚያስጽፍ ካለም፣ ወደ እናንተ የሚመጣውን ጥሪ ወደ ራሱ ሊያዞር ነው። ከጠረጠራችሁ *#21# ብላችሁ አረጋግጡ። በ##002# ደግሞ ጥሪ ማዞሩ ይጠፋል።

በ+251 የማይጀምር ቁጥር አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ፣ ውጭ ዘመድ ከሌላችሁ መልሳችሁ አትደውሉ። የሚፈልጉት እሱን ነው። የእናንተ ካርድ በውጭ አገር ሒሳብ ሲቆጠር እነሱ ድርሻ ያገኛሉ።

«የደዋዩን ስም የሚያሳየውን መተግበሪያ፣ ትሩኮለርን ጫኚ» ያላችሁኝም አላችሁ። ጭኛለሁ፣ ይረዳል። ግን እዚያ ላይ የሚወጣው ስም ሰው የጻፈው ነው። ሌባው ራሱን «ደንበኞች አገልግሎት» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ትናንት የወጣ ሲም ከሆነማ ምንም ስም አያመጣም። ዳታም ካልበራ ያው ነው። የገበሬው ደንበኛዬ ጎረቤትም ስም የለውም። ታዲያ በምን ልለየው?

አቤት ብለን ነበር። መልሱ «ብሎክ አድርጉት» ነው። እማማ ብሎክ ቢያደርጉት ነገ ወደ ሌላ እናት አይደውልም?

ሲም ካርድ ያለ መታወቂያ አይሸጥም። እኔ ራሴ ሲም ሳወጣ መታወቂያ ተጠይቄ፣ ተመዝግቤ ነው። ስለዚህ የዚያን ቁጥር ባለቤት የሚያውቅ መዝገብ አለ። የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ቁጥር ላይ ከተለያዩ ሰዎች ተደጋጋሚ አቤቱታ ከመጣ ይታገድ። ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ ያስረዳ። ንጹሕ ከሆነ ይከፈትለት። አቤቱታውን ደግሞ የሚቀበለን ሰው ቁጥሩን ይጻፍ፣ የት እንደደረሰም ይንገረን። እማማ የላኩበት ቁጥር አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የተቀባዩም ስም ብሩ ሲላክ በመጣው መልእክት ላይ ተጽፏል። ሳይጠፋ ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። የሚመለከተው ሰው በጠየቀኝ ሰዓት እሰጣለሁ።