የመርፌ ማስረጃ ለተረከዝ ጅማት?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማለዳ ማለዳ አብሬው የምሮጠው ቡድን ባለፈው ሳምንት ባወጣው ማስታወቂያ፣ የተረከዝ ጅማቱን የሚያመው አባል ሁሉ ለሁለት ወር ከልምምድ እንዲርቅና ሲመለስም መርፌ ስለመወጋቱ ማስረጃ እንዲያቀርብ አዟል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ከአስተባባሪዎቹ ያገኘነው መልስ ከማስታወቂያው የባሰ ነው፤ «መርፌው ሕመሙን ካጠፋው ጅማቱ ድኗል ማለት ነው» ተባልን።

በዚህ ስሌት ድዱን በማደንዘዣ ያስወጋ ሰው ጥርሱን ታክሟል። በዚህ መርፌ የሚሰጠው ኮርቲዞን የተባለ መድኃኒት ሕመምን ለሳምንታት እንደሚያስታግስ አልክድም፤ ነገር ግን አኪለስ በሚባለው የተረከዝ ጅማት ውስጥ ሲወጋ ሊያዳክመውና ለመበጠስ ሊያጋልጠው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ሐኪም እዚያ ቦታ ላይ መርፌ ለማሳረፍ አይቸኩልም።

«የጅማት መቆጣት» የሚለው ስያሜም ሳያሳስተን አልቀረም። ለወራት የታመመ ጅማት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የብግነት (የመቆጣት) ሕዋሳት እምብዛም አይገኙበትም፤ በብዛት የሚታየው ጅማቱ የተሠራበት፣ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን አሰላለፉ የተዛባ ክር ነው። ይህን ክር የሚያጠነክረው በልክ የሚጨመር ሸክም ሆኖ ሳለ ሰውን ሁለት ወር አስተኝቶ ከዚያ ወደ አስፋልት መልቀቅ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥር የሰደደ ሕመም የነበረባቸው 15 ሯጮች የ12 ሳምንት የተረከዝ ልምምድ ሠርተው ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። እኔም በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በእግሬ ጣቶች ጠርዙ ላይ ቆሜ በሁለት እግር እነሣና በታመመው እግር ብቻ ተረከዜን ከደረጃው በታች ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ፣ ጉልበት ዘርግቶ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበት አጥፎም እንዲሁ፣ ጠዋትና ማታ፤ ሲደመር በቀን 180 ጊዜ መሆኑ ነው። ምድር ቤት ያሉት እናት በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ ቁልፍ ጠፋብህ እንዴ?» አሉኝ።

ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ የሆነ ሰው ተረከዙን ከደረጃው በታች ባያወርድ ይሻለዋል፤ ድንገት «ጧ» የሚል ድምፅ ሰምቶ በጣቶቹ መቆም ያቃተው ደግሞ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ።

ቡድናችን ማስረጃ መጠየቅ ካማረው፣ ለታይፎይድ እየተባለ በየቤቱ የሚዋጠውን ሲፕሮፍሎክሳሲን ማን እንደወሰደ ይጠይቅ። ይህ መድኃኒት ጅማት ሊበጥስ እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል፤ የእኛ ማስታወቂያ ግን ስሙን እንኳ አላነሣም።