ቴሌስኮፑ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሰማዩን ስጡን

ትምህርት ቤቶች «የሰማይ ምልከታ ምሽት» ሲያዘጋጁ ነገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቴሌስኮፕ ይተከላል፤ ከኋላው ረጅም ሰልፍ ይሠራል። ተራው የደረሰ ጎንበስ ብሎ ለጥቂት ሰከንድ ያያል፤ ከዚያ «ቀጣይ!» ይባላል። እኔም ተማሪ ነኝና እንዲህ ባለ ሰልፍ ቆሜአለሁ። ያየሁት ግራጫ ጭጋግ የመሰለ ነገር ነበር። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ነው ተባልን። ከኋላዬ የነበረው ልጅ አይቶ ሲጨርስ «በቃ፣ ይኼው ነው?» አለ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ስልኩ ላይ ያየው አንድሮሜዳ ሰማያዊና ወርቃማ ነው። ፎቶውም ውሸት አይደለም። ካሜራ ብርሃንን ለሰዓታት ማጠራቀም ይችላል፤ ዓይናችን ግን አይችልም። በዚያ ላይ ጨለማ ውስጥ የሚያገለግሉን የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። ስለዚህ ደብዛዛ ነገር ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይታየናል። ይህን ከሰልፉ በፊት የነገረን አልነበረም። ያ ጭጋግ ጉዞውን የጀመረው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሆነ ብርሃን እንደሆነም የሰማነው ወደ ቤት ስንመለስ ነው።

ቴሌስኮፕ አይግባ እያልኩ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል ባይ ነኝ። ተማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና ጥቂት ሳምንታት ናቸው።

የዓይንን ነገር እንኳ ብንወስድ፣ ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ስልክ ከፈት ካደረጉ ያ ሁሉ ትዕግሥት ገደል ገባ። በኛ ሰልፍ ላይ ደግሞ ስልክ ያልከፈተ ማን ነበር? ደብዛዛ ነገር ለማየት ፊት ለፊት ከማፍጠጥ ትንሽ ወደ ጎን ማየት እንደሚሻልም የሚታወቀው በልምምድ ነው። በጥቂት ሰከንድ ተራ ይህ አይገኝም።

እኔን ሰማይ ያስተማረኝ ቴሌስኮፕ ሳይሆን የሕንፃ ጥግ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ኮከብ ከጥጉ ጀርባ የሚሰወርበትን ሰዓት መጻፍ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። በማግስቱ ያው ኮከብ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይሰወራል። በሳምንት ወደ ግማሽ ሰዓት፣ በወር ወደ ሁለት ሰዓት ይደርሳል። ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ እንደሆነ ለፈተና ሸምድጄ ነበር፤ ከፈተናው ማግስት ጠፋ። ከወረቀቴ ላይ ያገኘሁት ግን አልጠፋም። ጨረቃም እንዲሁ ናት። ከኮከቦቹ አንጻር በየምሽቱ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ትሸሻለች። ክንድን ዘርግቶ በጨበጠ እጁ ስፋት ለሚለካ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ቴሌስኮፑ ይምጣ። ጁፒተር አጠገብ የሚታዩት ነጠብጣቦች ለአንድ ምሽት ብቻ ለሚያያቸው ተራ ኮከቦች ናቸው። ጋሊሊዮም በጥር 1610 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲያያቸው ኮከብ ነበር የመሰሉት። ጨረቃዎች መሆናቸውን የተረዳው በተከታታይ ምሽቶች እየሣለ ቦታ ሲቀያይሩ ስላየ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ያየው ሦስቱን ብቻ ነው፤ አራተኛው ከቀናት በኋላ ተጨመረ። እሱ ያን ምሽት በሰልፍ አይቶ «ቀጣይ» ተብሎ ቢሆንስ? ዛሬ እነዚህን ጨረቃዎች በደንብ በተደገፈ ባይናኩላር ማየት ይቻላል። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ከውድ ቴሌስኮፕ ይልቅ ጥቂት ባይናኩላሮች ይሻላሉ የምለውም ለዚህ ነው።

«ከተማ ውስጥ ምን ኮከብ አለና?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የመንገድ መብራት ፍኖተ ሐሊብን ከብዙዎቻችን ደብቆታል። ጨረቃን፣ ቬነስን፣ ጁፒተርንና ደማቅ ከዋክብትን ግን አልደበቀም። ደመና ሲሆንስ? «ደመና ነበር» ተብሎ ይጻፋል። ይህም መረጃ ነው። እንዲያውም አስተማሪ ነጥብ ሲሰጥ የሥዕሉን ውበት ባያይ ደስ ይለኛል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አቅጣጫውና የአየሩ ሁኔታ ከተጻፉ ይበቃል። ሥዕል የማይሆንለት ተማሪ ኮከብ ከማየት ለምን ይባረር? ምሽት ብቻውን መውጣት የማይችል ደግሞ ከመስኮቱ የሚታየውን ይመዝግብ።

ትምህርት ቤቱ ከአንድ ምሽት በላይ የለኝም ካለም፣ እባካችሁ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበትን አትምረጡ። ያን ቀን ሰማዩ ሁሉ ብርሃን ነው፤ ጨረቃዋም ላይ ጥላ ስለሌለ ጉድጓዶቿ በደንብ አይለዩም። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹና ተራሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለጀማሪ ከአንድሮሜዳ ይልቅ እሷን አሳዩ። ሰልፉንም ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ቴሌስኮፑ ጋ ሲሆን ግማሹ መሬት ላይ ተቀምጦ ወረቀቱ ላይ ይሣል።