መጓተቱ ለማን ይጠቅማል?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሾች በሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ስለ ሙስና ከተነሳ ወሬው ሁልጊዜ ስለ ትልቁ ገንዘብ ነው። ስንት ቢሊዮን ተበላ፣ ማን ፎቅ ሠራ፣ የማን ልጅ የት አገር ይማራል። መነጋገሩ አይከፋም። እኔን ግን ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የሚሰረቀው ጊዜ ነው።

እዚህ ትንሽ ድርጅት መክፈት የፈለገ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። በቨርጂኒያ ኤልኤልሲ የሚባለውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ለማቋቋም የስቴቱ ክፍያ 100 ዶላር ነው። ቅጹ በኢንተርኔት ይሞላል፣ በካርድ ይከፈላል፣ አለቀ። መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ ዲኤምቪ ወደሚባለው የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት የሄደም ቁጥር ወስዶ ይቀመጣል። ወረፋው ያሰለቻል፤ ሠራተኛዋም ፊቷን ልታጠቁር ትችላለች። ቁጥሩ ሲጠራ ግን ተራው ነው። የማን ዘመድ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ፓስፖርት ቶሎ የፈለገ 60 ዶላር ይጨምራል። ዋጋው በግልጽ የተለጠፈ ነው፤ ገንዘቡም የሚገባው ለመንግሥት ነው።

አሜሪካ የቅዱሳን አገር ናት እያልኩ አይደለም። የዚሁ የቨርጂኒያ አገረ ገዥ የነበሩት ቦብ ማክዶኔል ከአንድ ነጋዴ ከ170 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታና ብድር በመቀበል ተከሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ጥፋተኛ ተባሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ሰውን ከባለሥልጣን ጋር ማገናኘት ብቻውን በሥልጣን እንደተሠራ ሥራ አይቆጠርም አሉ ዳኞቹ። ይህ ፍርድ እኔ ዛሬም አልተዋጠልኝም። የኒው ጀርሲ ሴናተር የነበሩት ቦብ ሜኔንዴዝ ደግሞ ቤታቸው ሲፈተሽ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ተገኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የ11 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። ላይኛው ስርቆት እዚህም አለ። ልዩነቱ ታች ነው፤ ተራው ሰው በየቀኑ በሚቆምበት መስኮት ላይ።

አገር ቤት ያለችው የአክስቴ ልጅ ዳቦ ቤት ልትከፍት ተነሳች። ከተማውንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። ማሽኑን ገዛች፣ ቤት ተከራየች፣ ሁለት ልጆች ቀጠረች። የቀራት አንድ ፊርማ ነበር። መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተባለች። ከዚያ «ሲስተም የለም»። ከዚያ ፋይሉ ጠፋ። ገንዘብ አምጪ ያላት ሰው የለም። በር ላይ የቆመ ደላላ ብቻ «እህቴ፣ ለምን ትንከራተቻለሽ? እኔ ላስጨርስልሽ» አላት። አልከፍልም አለች። ኪራዩ ግን ይቆጥራል። የቀጠረቻቸው ልጆች ሌላ ሥራ ፈልገው ሄዱ። በመጨረሻ ማሽኑን ከገዛችበት ዋጋ በታች ሸጠችው። ፋይሉ እስከዛሬ አልተገኘም።

ጉቦ ቢያንስ ሥራ ያቀላጥፋል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ከመጓተት የሚበላ ሠራተኛ ጉዳዩ በአንድ ቀን እንዲያልቅ ለምን ይፈልጋል? ተጨማሪ ቅጽ ሲመጣ ደስ ይለዋል። ተጨማሪ ፊርማ፣ ተጨማሪ ማኅተም፣ ተጨማሪ «ደብዳቤ አጽፈህ ና» ሁሉ ለእሱ ገቢ ነው። አንዱ ከፍሎ ቶሎ ወጣ ማለት ያልከፈለው ወደ ኋላ ተገፋ ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ሲቆይ መጓተቱ የአሠራር ድክመት መሆኑ ይቀርና መተዳደሪያ ይሆናል። መተዳደሪያውን ደግሞ ማንም በፈቃዱ አይለቅም።

የአገር ዕድገት የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ያልተከፈተው ዳቦ ቤት በየትኛውም የኦዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም። የጎደለ ገንዘብ የለማ! የሠፈሩ ሰው ግን ዳቦ ፍለጋ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሁለቱ ወጣቶች ሥራ አጡ። ሌላው ከፍሎ የከፈተ እንደሆነም የከፈለውን ከዳቦው ላይ ነው የሚያወጣው። ይህን ሁሉ የሚያይ ወጣት ደግሞ ትምህርቱን ይወስዳል። ሊጥ ከሚያቦካው ይልቅ በር ላይ ቆሞ ጉዳይ የሚያስጨርሰው የተሻለ ይኖራል። ታዲያ ማን ማምረት ይመርጣል?

«ሁሉን ነገር ዲጂታል ብናደርገውስ?» የሚል መልስ ይመጣል። ግማሽ እውነት አለው። የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ግን አስታውሱ። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. የተመዘገቡ ሰዎች ከልጆቻቸው አፍ እየቀነሱ በየወሩ ባንክ ሲቆጥቡ ኖሩ። ገና በኪራይ ቤት እያሉ ልጅ ወልደው ያሳደጉ አሉ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ ከ25 ሺህ በላይ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች (ተመዝጋቢው 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው) ዕጣ ወጣ። በኮምፒውተር ነበር የወጣው። ሰዎች እልል አሉ፣ ዘመድ ደወለ፣ እኛም እዚህ ሆነን እንኳን ደስ አላችሁ አልን። ከጥቂት ቀናት በኋላ የከተማ አስተዳደሩ ዕጣው መሰረዙን ተናገረ። መቆጠብ የሚገባቸውን ያህል ያልቆጠቡ ሰዎች ስም መረጃው ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። ኃላፊዎችና የሶፍትዌር ባለሙያዎች ታሰሩ። ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ።

መሰረዙ ትክክል ነበር። መታወቁም ትልቅ ነገር ነው። ግን በመጀመሪያው ዕጣ ስሟን ያየች፣ በሁለተኛው ያጣች እናት ምን ተብሎ ይነገራታል? ማሽኑ የሠራው የሰጡትን ስም ይዞ ነው። ስሙን የሚያስገባው ሰው ነው፤ ሰውየውን የሚቆጣጠር ከሌለ ኮምፒውተሩ ሌብነቱን ያፈጥነዋል እንጂ አያስቆመውም።

ደሞዝም መነሳት አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ለዓመታት 1,100 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. 4,760፣ በ2018 ደግሞ 6,000 ብር ሆነ። በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አስተምሮ መኖር እንዴት ይቻላል? ለታችኛው ሠራተኛ ልቤ ይራራል። ትልቁን የሚበሉት ግን የተራቡት አይደሉም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በሰጠው መግለጫ፣ ሜቴክ የሚባለው የመንግሥት የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ተናግሯል። ይህን ረሃብ አላመጣውም።

ሜቴክ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ተነጠቀ። በ2003 የተጀመረው ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 2017 ላይ ነው። ለመዘግየቱ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ሊስትሮው ሳይቀር ቦንድ የገዛበት ሥራ መሆኑን ሳስብ ግን የባከነው እያንዳንዱ ዓመት ያመኛል።

ከውጭ ያለነውም እጃችን አለበት። ቡና ቤት ውስጥ ሙስናን የምንረግም ብዙዎቻችን በማግስቱ ለመሬት ካርታ «ማስጨረሻ» የሚሆን ዶላር እንልካለን። የዓመት ፈቃዳችን አጭር ነው፣ በረራው ተቆርጧል፣ ስለዚህ እንከፍላለን። እኛ ከፍለን የምንሄድበት ዋጋ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው መነሻ ይሆናል። ያ ሰው በብር ነው የሚያገኘው። እኛ ከተመለስን በኋላ ያንን ዋጋ የሚሸከመው እሱ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ አንድ ነገር አለኝ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለሥልጣናት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 668 ከወጣም ቆይቷል፤ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። እዚህ የአንድ የኮንግረስ አባል የሀብት መግለጫ ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ይከፍተዋል። ጋዜጠኛው ያነበዋል፣ ተቃዋሚው ያነበዋል፣ ጎረቤቱ ያነበዋል። እኛ ዘንድ የተመዘገበው ሀብት ለተራው ዜጋ እንዲህ በቀላሉ አይታይም። መዝገቡ ይከፈት። የየወረዳው የመሬትና የግንባታ ፈቃድ ኃላፊ፣ የግዢ ኃላፊው፣ ፊርማ የሚያሳድረው ሁሉ ስሙና ንብረቱ በኢንተርኔት ይውጣ። ኃላፊው ስንት ቤት እንዳለው ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው የሠፈሩ ሰው ነው፤ ያልተመዘገበውን ቤት እሱ ይጠቁማል።