እርማት፦ ጥፋተኛዋ አይጧ ብቻ አይደለችም

በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ሰው ፊት ላይ የሚወጣው የሊሽማኒያ (በዓይን የማይታይ ተውሳክ የሚያመጣው የቆዳ በሽታ) ቁስል «ከበረሃ አይጥ ንክሻ ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ይለዋል። ግን ስህተት ነው። ነካሿ የአሸዋ ዝንብ ናት። 3 ሚሊሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ እንደ ትንኝ ጢዝ ስለማትል ማንም አይጠረጥራትም። ደም የምትጠጣው ሴቷ ብቻ ናት፣ በአብዛኛው ከመሸ በኋላ። ያልካት አይጥ፣ ወፍራሟ የአሸዋ አይጥማ፣ ቀን ቀን ጨዋማ ቅጠል ስትቆረጥም ነው የምትውለው፤ ከሰው ጋር ምን ጣጣ አላት? ተውሳኩን ግን ቆዳዋ ውስጥ፣ በተለይ ጆሮዋ ላይ፣ ታኖራለች። ዝንቧ እዚያው የአይጧ ጉድጓድ ውስጥ እየተራባች ከሷ ትወስድና ለሰው ታቀብላለች። እና ወጥመድ ከመግዛትህ በፊት ቀዳዳው ጠበብ ያለ አጎበር ፈልግ፤ በተራው አጎበር ዝንቧ ሾልካ ትገባለች።