ለሴቶች መብት፦ ኤምባሲ ወይስ ፍርድ ቤት?

የክርክሩ መነሻ፦ በአዲስ አበባ የዓለም አቀፍ ግንኙነት የምታጠና አንዲት ተማሪ፣ ስትመረቅ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገብታ የሴቶችን መብት በዲፕሎማሲ ለማስከበር እንደምትሻ ገልጻለች። መንገዱ ካሰበችው ያደርሳታልን? አንዲት የዘርፉ መምህርት በድጋፍ፣ አንድ ጠበቃ በተቃውሞ ጽፈዋል።

ደጋፊ፦ የተማሪዋን ምኞት የምደግፈው ሀገራችን ሴት ልጆቿን በገፍ ወደ ውጭ የምትልክ በመሆኗ ነው። በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ፓስፖርቷ የተቆለፈባትና ደመወዟ ለወራት የተያዘባት ወጣት አቤት ብትል የልደታ ፍርድ ቤት ሊደርስላት አይችልም። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ በደል ሸሽታ ከቤቱ ብትወጣ ሕገ ወጥ የምትባለው እርሷው ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ይህን የሚለውጠው በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ድርድር ነው፤ በድርድሩም ላይ የእነዚህ ሴቶች ጉዳይ ጠልቆ የሚሰማው ሰው መቀመጥ አለበት። «ድሃ ሀገር ምን ሰሚ አላት» የሚለኝ ካለ ናሚቢያን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲሳተፉ የሚጠይቀውን ውሳኔ ቁጥር 1325 ሲያጸድቅ፣ ሊቀ መንበርነቱን የያዘችው ይህች ትንሽ ሕዝብ ያላት አፍሪካዊት ሀገር ነበረች።

ተቃዋሚ፦ እኅቴ ያነሡት በደል እውነት ነው፤ የማልስማማው በመድኃኒቱ ነው። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ማናቸውንም ዓይነት ልዩነት ለማስወገድ የወጣውን ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሆኖም ባልን የቤተሰቡ የበላይ የሚያደርገው፣ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድትዳር የሚፈቅደው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚያ በኋላ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ቆየ። ዕድሜውን ወደ 18 ያሳደገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ግንባር ቀደም ተሟጋቾቹ እነ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት ነበሩ። እነርሱም አምባሳደሮች አልነበሩም፤ ለተበደሉ ሴቶች በነጻ ጥብቅና እየቆሙ፣ ከችሎት ባገኙት ልምድ የሕጉን ጉድለት ያሳዩ ጠበቆች ነበሩ። ከዚህ የከፋም አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ሲከለክል ይኸው ማኅበር ክፉኛ ተዳክሟል። ተማሪዋ በዚያ ዘመን ዲፕሎማት ብትሆን ኖሮ ሥራዋ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ስብሰባ በሚካሄድበት በጄኔቭ ተቀምጣ ለአዋጁ ጥብቅና መቆም ነበር። የመንግሥት ተጠሪ የምትናገረው የተላከችበትን ነውና።

ደጋፊ፦ ወንድሜ ስለ ማኅበሩ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ። ጠበቆቹ ግን ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ሀገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የሕጓ አካል ያደርጋል፣ አንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹ ከዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጐሙ ያዝዛል። እነዚያን ሰነዶች ተከራክሮ የጻፈ ሰው ነበር። ወደ ቤት ሠራተኞቹ ስንመለስም፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት ሀገር ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። የሀገር ውስጥ ሕጉ ራሱ ቁልፉን ለዲፕሎማቱ ሰጥቷል ማለት ነው። ዲፕሎማት የመንግሥቱን መመሪያ ብቻ መናገሩ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን መመሪያም የሚረቀቅ ነገር ነው፣ የሚያረቅቀውም በሚኒስቴሩ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ እርሷ ወንበሩን ካልያዘች ሌላ ሰው መያዙ አይቀርም።

ተቃዋሚ፦ ያ ወንበር እ.ኤ.አ. በ2013 ምን አደረገ? መንግሥት ወደ ዓረብ ሀገራት የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስም መሄድ የፈለገች ሁሉ በደላላ እጅ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ሴቶቹም ሻንጣቸውን አቅፈው አስፋልት ዳር ተኙ። ቆንስላው እኮ ከፊታቸው ነበር! ያጡት የስንት ወር ደመወዛቸውን ከአሠሪው የሚያስከፍልላቸው፣ የላካቸውንም የአዲስ አበባ የሥራ ኤጀንሲ ፈቃዱንና ያስያዘውን ዋስትና ይዞ የሚጠይቅላቸው የሕግ ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪዋ መጀመሪያ ሕግ ታጥና፣ ጥቂት ዓመታትም ችሎት ትቁም፤ ኤምባሲው ከዚያ በኋላ ይደርስባታል።

ደጋፊ፦ ሕግ ማወቋን አልቃወምም፤ የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። እኔ ብሆን ከሕግ በፊት ዓረብኛ እንድትማር እመክራታለሁ፤ በእነዚህ ሀገራት ፖሊስ ጣቢያ ቃል የሚሰጠውም፣ ፍርድ ቤቱ የሚሠራውም በዓረብኛ ነው። ምን እንደተጻፈ ሳታውቅ በቃሏ ላይ አውራ ጣቷን የምታሳርፍ ልጅ አጠገቧ ወረቀቱን አንብቦ «ይህን አልፈርምም በይ» የሚላት የቆንስላ ሠራተኛ ያስፈልጋታል። ለዚያ ደግሞ የአምስት ዓመት የሕግ ትምህርት እስኪያልቅ መጠበቅ አያሻም።